መርዶውን ማን ይንገራት?



ባለፈው መንፈቀ ዓመት የፊቸር አጻጻፍ መምህራችን አንድ የቤት ሥራ ሰጥቶን ነበር። «ከአሥራ አምስት ዓመት በላይ የጸና ፍቅር ፈልጋችሁ ጻፉ። ሠርጉን ተዉት፤ ከሠርጉ በኋላ ያለውን ንገሩኝ» አለን። አንዱ ልጅ ከኋላ ወንበር ሆኖ «መምህር፣ ዘንድሮ አሥራ አምስት ወር ቢሆንልን አይሻልም?» ሲል ሁላችንም ሳቅን። ይሁን እንጂ ጻፍን። አብዛኛው ተማሪ ስለ አያቶቹ፣ የቀረው ስለ እናት አባቱ ጻፈ።

እኔ የላሊበላ ልጅ ነኝና ስለ መስቀል ክብራ ጻፍኩ። ላሊበላ ያደገ ልጅ አስጎብኚ ባይሆንም የአስጎብኚዎችን ንግግር በቃሉ ያውቀዋል። ቤተ አባ ሊባኖስ ደጅ ሲደርሱ እንግዶቹን ያስቆሙና፣ ጣሪያው ከላይ ካለው አለት ሳይላቀቅ ዙሪያው ብቻ ተፈልፍሎ የወጣ ቤተ መቅደስ መሆኑን ያሳያሉ። ከዚያ ንግሥት መስቀል ክብራ ለባሏ ለንጉሥ ላሊበላ መታሰቢያ እንዲሆን፣ በመላእክት እርዳታ በአንድ ሌሊት እንዳሠራችው የሚነገረውን ትውፊት ይተርካሉ። የሌሊቱን ነገር የታሪክ ሰዎች ይከራከሩበት። እኔን ከልጅነቴ ጀምሮ የሚገርመኝ ግን ሴትዮዋ ባሏ ከሞተ በኋላ ያደረገችው ነው። ፍቅር ሰውየው ከሄደም በኋላ የሚሠራው ሥራ አለው ማለት ነው ብዬ ጻፍኩ። ጥሩ ውጤትም አገኘሁበት።

እውነቱን ለመናገር ግን ያን ቀን ፈርቼ ነው መስቀል ክብራን የመረጥኩት። ከእሷ ይልቅ የማውቀው፣ በዓይኔ ያየሁትና በጆሮዬ የሰማሁት ሌላ የጸና ፍቅር ነበረኝ። ያልጻፍኩት የሁለት ሴቶች ፍቅር ስለሆነ ነው። በፈረንጅ አፍ ሌዝቢያን የሚባሉት ዓይነት ማለቴ ነው። ዛሬ ግን ልጽፈው ነው። እስከ መጨረሻው ሳታነቡ እንዳትፈርዱብኝ አደራ።

ከመጀመሬ በፊት አንድ ነገር ልበል። በሁለተኛ ዓመት የሥነ ምግባር ትምህርታችን «በዘገባህ ሰው እንዳይጎዳ ተጠንቀቅ» ተብለን ተምረናል። ስለዚህ ስም አልጠራም፤ ሰፈርም አልጠቅስም። እነሱን ሊያስለዩ የሚችሉ አንዳንድ ነገሮችንም ቀይሬያለሁ። ሁለቱም ረቂቁን በስልክ አንብቤላቸው ፈቅደዋል። አዘጋጆቹም ከጽሑፉ ሥር ስሜን እንዳያወጡ የጠየቅኩት እኔ ስለፈራሁ ሳይሆን (ትንሽ ፈርቻለሁ፣ አልዋሽም) በእኔ ስም በኩል ወደ እነሱ የሚደርስ ሰው እንዳይኖር ብዬ ነው።

እማማ ጎረቤታችን ነበሩ። አጥራችን አንድ፣ ቡናችንም አንድ ነበር። ልጃቸውን እኔ «እትዬ» ነው የምላት። በ1999 ዓ.ም. ለቤት ሠራተኝነት ቤይሩት ስትሄድ እኔ ገና ክፉና ደጉን የማልለይ ሕፃን ነበርኩ። ስለዚህ እትዬን ያወቅኳት በስልክ ነው ማለት ይቻላል። እማማ ፊደል ስላልቆጠሩ ቁጥሩን የምደውልላቸው፣ መልእክቱን የማነብላቸው፣ ባንክ ቤትም አብሬያቸው የምሄደው እኔ ነበርኩ። አንድ ልጅ የአንድን ቤት ምሥጢር የሚያውቀው እንዲህ ነው፤ ሰው እንደ ሰው ስለማይቆጥረው ሁሉን ይሰማል።

እትዬ ቤይሩት በሄደች በሁለተኛው ዓመት እሑድ ዕረፍት ስትወጣ ከመቄት ከመጣች አንዲት ልጅ ጋር ተዋወቀች። መቄትና ላስታ ጎረቤታሞች ናቸው፤ ቆላ ደጋውም፣ አነጋገሩም ያው ነው። በሰው ሀገር ላይ «የሀገሬ ልጅ» ማለት ምን ማለት እንደሆነ የተሰደደ ያውቀዋል። መጀመሪያ ጓደኛ ሆኑ። ቀጥለው ሁለቱም ከአሠሪዎቻቸው ቤት ወጥተው በቀን ሥራ ሲተዳደሩ አንዲት ጠባብ ክፍል ተከራዩ። እማማ ስልኩን ጆሯቸው ላይ ለጥፈው «ያቺ ጓደኛሽ ደህና ናት?» ይሉ ነበር። ከዚያ ጊዜ ጀምሮ እኛም ቤት፣ እነሱም ቤት ስሟ «ጓደኛዋ» ሆኖ ቀረ።

አሥራ ስድስት ዓመት ገደማ ሲሆነኝ በድፍረት ጠየቅኳት። «እትዬ፣ ለምንድነው የማታገቢው? እማማ እኮ ሁሌ ያለቅሳሉ።» ዝም አለች። የተቋረጠ መስሎኝ «ሃሎ?» አልኩ። «አለሁ» አለችና «እኔ እኮ ብቻዬን አይደለሁም። ቤት አለኝ። ባል ጠፍቶ አይደለም» አለችኝ። ሌላ አልጨመረችም፤ እኔም ሌላ አልጠየቅኩም። ግን ገባኝ። ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም፤ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ያደግኩ ልጅ ነኝና መጀመሪያ የተሰማኝ ፍርሃት ነበር። ከፍርሃቱ ጋር ግን አንድ ጥያቄ መጣብኝ። እስከዚያ ቀን ድረስ በሰፈራችን እንደ እነዚህ ሁለት ሰዎች የሚተሳሰብ ባልና ሚስት አይቻለሁ ወይ?

ምን አይቼ ነው እንዲህ የምለው? እስቲ ልዘርዝረው።

በ2012 ዓ.ም. ሊባኖስ ኢኮኖሚዋ ወደቀ፤ ኮሮናም መጣ። ብዙ አሠሪዎች ደመወዝ መክፈል ሲያቅታቸው ኢትዮጵያውያን ሠራተኞቻቸውን በመኪና እያመጡ ቤይሩት በሚገኘው ቆንስላ ደጃፍ ጥለዋቸው ሲሄዱ በዓለም ቴሌቪዥን ሁላችንም አይተናል። ሻንጣቸው ላይ ተቀምጠው፣ አስፋልት ላይ ፍራሽ አንጥፈው ያደሩ እኅቶቻችን ነበሩ። በዚያ ሰሞን የመቄቷ ልጅ ወደ ሀገር በሚመለስ አውሮፕላን ላይ ቦታ ተገኘላት። እትዬ ግን ቀዶ ሕክምና አድርጋ አልጋ ላይ ነበረች፤ መንቀሳቀስ አትችልም። የመቄቷ ልጅ ቦታውን ለሌላ ሴት ለቀቀች። ሐምሌ 28 ቀን 2012 ዓ.ም. የቤይሩት ወደብ ሲፈነዳ የክፍላቸው መስኮት በላያቸው ላይ ረገፈ። እትዬ ይህንን ስትነግረኝ «እሷ ባትኖር ከአልጋዬ የሚያነሳኝ አልነበረም» አለች። የመቄቷ ልጅ ከጀርባ ሆና «ኧረ ባክሽ! አንቺ'ኮ ሳትነሺ ጫማዬን ፈልጊልኝ ትይኝ ነበር» ብላ አሳቀችን።

ሁልጊዜ እንዲህ ይዋደዳሉ ብዬ ልዋሻችሁ አልፈልግም። በስልክ ሲጣሉ ስንቴ ሰምቻለሁ! አንዷ ለቤተሰቧ ብዙ ገንዘብ ላከች ብላ አንዷ ትቆጣለች። ሽሮው ጨው በዛበት ተባብለው ይኮራረፋሉ። አንዴ አንድ ሳምንት ሙሉ ሳይነጋገሩ በእኔ በኩል መልእክት ሲላላኩ ሰንብተዋል፤ አንድ ክፍል ውስጥ እየኖሩ እኮ ነው! ይህን የምጽፈው ሆን ብዬ ነው። የአሥራ ስድስት ዓመት ፍቅር ማለት ይሄ ነው፤ ኩርፊያው ሲያልቅ እዚያው ቤት መገኘት።

ከቤይሩት በኋላ የኛ ተራ ደረሰ። ሐምሌ 29 ቀን 2013 ዓ.ም. የሕወሓት ኃይሎች ላሊበላን ያዙ። ስልክ ጠፋ፤ መብራት ጠፋ፤ ባንክ ተዘጋ። እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ድረስ ከተማችን ተይዛ፣ ተለቅቃ፣ እንደገና ተይዛ፣ እንደገና ተለቀቀች። በእነዚያ ወራት ቤይሩት ያሉት ሁለቱ ሴቶች የሁለት እናቶችን ድምፅ አጥተው ነበር። እትዬ በኋላ እንደነገረችኝ፣ ማታ ማታ እየተፈራረቁ ይደውሉ ነበር፤ አንዷ ወደ ላሊበላ፣ አንዷ ወደ መቄት። የሚሰሙት «የደወሉላቸው ደንበኛ…» የሚለውን ብቻ ነው። አንዷ ስታለቅስ አንዷ እንዳታለቅስ ተስማምተው ነበር፤ «ተራ አውጥተን ነበር የምናለቅሰው» ብላኛለች።

መስመሩ ሲመለስ መጀመሪያ የደወለችው እትዬ ናት። እኔ ስልኩን ለእማማ ሰጠሁ። እናትና ልጅ ተላቀሱ። እማማ እንባቸውን በነጠላቸው ጠርገው የጠየቁት የመጀመሪያ ጥያቄ ግን ስለ ልጃቸው አልነበረም። «ያቺስ? የእሷ እናትስ ተርፈዋል?» አሉ። ያኔ እማማ ያውቃሉ ወይስ አያውቁም የሚለውን ጥያቄ መጠየቅ ተውኩ። አንድ ቀን ብቻ፣ ቡና እየቆሉ፣ ማንም ሳይጠይቃቸው «ልጄን በሰው ሀገር ብቻዋን አልተወቻትም። እኔ ከዚህ ሌላ ምን እጠይቃለሁ?» ብለዋል። ጥጥ ፈትለው ባንድ ዓይነት ጥለት ሁለት ነጠላ አሠርተውም በሰው እጅ ላኩላቸው።

እማማ በ2016 ዓ.ም. የካቲት ላይ አረፉ። እትዬና የመቄቷ ልጅ ያኔ ከቤይሩት ወጥተው ስሙን ወደማልጠቅሰው ሌላ ሀገር ተሻግረው ነበር። እኛም ጋ እንደምታውቁት በክልላችን ግጭት ምክንያት ያኔ የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ነበር። ከቀብር በኋላ ድንኳን ውስጥ ሽማግሌዎቹ አንድ ነገር ለመምከር ተቀመጡ፤ እትዬን ማን ያርዳት?

ይህን የእኛ ሀገር ሰው ሁሉ ያውቀዋል። መርዶ ዝም ብሎ በስልክ አይነገርም። ሰው በባዕድ ሀገር ብቻውን ሆኖ እንዲሰማ አይደረግም። የቅርብ ሰው ይፈለጋል፤ ባለትዳር ከሆነች ለባሏ ይነገራል፤ እሱ ጊዜውን መርጦ፣ ሰው ሰብስቦ ያረዳታል። መርዶ ነጋሪ ማለት የሰውየውን ሐዘን ሊሸከም የሚችል ሰው ማለት ነው። ሽማግሌዎቹ የሩቅ ዘመድ ስም ጠሩ፤ አልተስማሙም። በመጨረሻ የእትዬ አጎት፣ ቆብ ያልደፉ ይሁኑ እንጂ ከቤተ ክርስቲያን የማይለዩ ሰው፣ አንገታቸውን እንደደፉ «ለዚያች ለጓደኛዋ ደውሉላት። እሷ ታውቅበታለች» አሉ። ማንም «ለምን እሷ?» ብሎ አልጠየቀም። ማንም ቀና ብሎም አላያቸውም። ዝም ብለው ወደ እኔ ዞሩ፤ ቁጥሩ እኔ ጋ ስለሆነ።

ደወልኩ። የመቄቷ ልጅ ከድምፄ አወቀችው። ረጅም ጊዜ ዝም አለች። ከዚያ ማን እንዳጠባቸው፣ የት እንደተቀበሩ ጠየቀችኝ። ቀጥላ እንዲህ አለችኝ፦ «ዛሬ የማታ ሥራ ናት፤ ሌሊት ደክሟት ነው የምትመጣው። እህል በልታ ትደር። ነገ እሑድ ነው፤ የቤተ ክርስቲያን ሰዎችን በጧት ጠርቼ እነግራታለሁ።»

እስቲ ያቺን ሌሊት አስቧት። የሚወዱትን ሰው እናቱ መሞቷን እያወቁ ራት ማቅረብ፣ «ምነው ፊትሽ?» ሲባሉ «ራሴን አሞኝ ነው» ማለት፣ አጠገቡ ተኝቶ ሲነጋ መጠበቅ። ቃል ኪዳን የሚለው ቃል ለዚህ ካልዋለ ለምን ይውላል? የቤት ሥራዬ ላይ ልጽፈው የሚገባኝ ይሄንን ነበር።

እንግዲህ ወደ ሐሳቤ ልግባ። የእኔ ክርክር አንድ ነው። የእኛ ማኅበረሰብ፣ በዚያ ድንኳን ውስጥ እንዳየሁት፣ የእነዚህን ሁለት ሴቶች ታማኝነት ያውቀዋል፤ ሲቸግረውም ይደገፍበታል። በአደባባይ ሲሆን ግን፣ በተለይ በመገናኛ ብዙኃን፣ እንደሌለ ያደርገዋል፤ ወይም ከስድብ ሌላ ስም አይሰጠውም። ይህ ሐሰት ነው። ሐሰት ደግሞ ከማንም በፊት ለጋዜጠኛ ነውር ነው።

«ይሄ ከውጭ የመጣ ነገር ነው፤ በእኛ ታሪክ ሁለት ሴቶች ተዋደው አብረው ኖረው አያውቁም» የሚል ይኖራል። መልሱ ቀላል አይደለም፤ ስለዚህ በጥንቃቄ ልናገር። በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በጣና አካባቢ የኖሩትን እናታችንን ወለተ ጴጥሮስን አስቡ። የዐፄ ሱስንዮስ ባለሟል ሚስት ነበሩ። ሦስት ልጆች ወልደው በሕፃንነታቸው ሞቱባቸው። በኋላ ባላቸውን ትተው መነኮሱ፤ ንጉሡ የካቶሊክን እምነት ባመጣ ጊዜም አልቀበልም ብለው ተሰደዱ። ገድላቸው እ.ኤ.አ. በ1672 ዓ.ም. ተጽፏል። በዚያ ገድል ውስጥ እኅተ ክርስቶስ የምትባል ሌላ መነኩሲት አለች። እሷም ትዳሯንና ልጇን ትታ የመጣች ናት። ገና ሲተያዩ በልባቸው ፍቅር እንዳደረ፣ ከዚያ በኋላም ወለተ ጴጥሮስ እ.ኤ.አ. በ1642 እስኪያርፉ ድረስ ለሩብ ምዕተ ዓመት ያህል በመከራም በሰላምም አብረው እንደኖሩ ገድሉ ይተርካል። ከእሳቸው በኋላ ማኅበሩን የመራችውም እኅተ ክርስቶስ ናት።

ገድሉ እ.ኤ.አ. በ2015 በዌንዲ ቤልቸርና በሚካኤል ክላይነር በእንግሊዝኛ ተተርጉሞ ሲታተም ትልቅ ክርክር ተነሣ። ቤልቸር በሁለቱ መካከል የነበረውን የዕድሜ ልክ ፍቅር በተመሳሳይ ጾታ ፍቅር ዓይን ሊታይ የሚችል አድርገው አቀረቡት፤ መነኮሳት ስለነበሩ በድንግልና የጸና ፍቅር ነው ቢሉም። የእኛ ሀገር ምሁራን ደግሞ ይህ ትርጉሙን ማጣመም ነው፣ የምንኩስናን መንፈሳዊ ፍቅር ባዕድ ስም መለጠፍ ነው ብለው በብርቱ ተቃወሙ። እኔ ግእዝ አላውቅም፤ በቅድስት ላይ የምፈርድም አይደለሁም። ወለተ ጴጥሮስን ከእትዬ ጋር አንድ ናቸው ማለቴም አይደለም። ልብ ያልኩት አንድ ነገር ብቻ ነው። ሁለቱም ወገኖች ሁለት ሴቶች ተዋደው፣ አንዷ የአንዷን ሸክም ተሸክማ፣ እስከ ሞት እንደጸኑ አልተካካዱም። የተከራከሩት በስሙ ነው። ስለዚህ ጽናቱ በገድላችን ውስጥ ሲጻፍ የሚያስደንቀን ከሆነ፣ በጎረቤት ቤት ስናየው ቢያንስ አለ ለማለት ለምን ይከብደናል?

እዚህ ላይ የክፍል ጓደኞቼ የሚሉኝን አውቀዋለሁ። «ሃይማኖትሽስ? ሕጉስ?»

ሃይማኖቴን በተመለከተ፣ የቤተ ክርስቲያን ልጅ ነኝ። ቤተ ክርስቲያን ጋብቻ የወንድና የሴት ነው ብላ እንደምታስተምር፣ ተክሊልም ለዚያ እንደሆነ አውቃለሁ። እኔ በሁለተኛ ዓመት ዕውቀቴ ሥርዓት ላስተካክል አልተነሣሁም። እትዬም የጠየቀችው ተክሊል አይደለም። ግን እዚያው ቤተ ክርስቲያን ውስጥ «በሐሰት አትመስክር» ተብዬም ተምሬያለሁ።

ሕጉን በተመለከተ፣ የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕጋችን በአንቀጽ 629 በተመሳሳይ ጾታ መካከል የሚደረግን ግንኙነት በቀላል እስራት ያስቀጣል። ወንድም ሴትም ያው ነው። ቀላል እስራት ማለት በመሠረቱ ከአሥር ቀን እስከ ሦስት ዓመት ሊደርስ የሚችል ነው። የቤተሰብ ሕጋችንም ጋብቻን የሚያውቀው በወንድና በሴት መካከል ነው። በሌላ በኩል ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 26 የሰው ሁሉ የግል ሕይወት የተከበረ ነው ይላል። ሕግ ነውና ሕጉን አከብራለሁ። ይሁን እንጂ ሐሳቤን ግለጪ ከተባልኩ፣ ያቺን ሌሊት መርዶ ደብቃ ያደረችውን ሴት እስር ቤት ማስገባት ማንን እንደሚጠቅም ማንም እስካሁን አላስረዳኝም።

አሁን ወደ ሙያችን እንምጣ። በ2011 ዓ.ም. ግንቦት ማለቂያ ላይ ቶቶ ቱርስ የተባለ መቀመጫውን ቺካጎ ያደረገ የግብረ ሰዶማውያን አስጎብኚ ድርጅት ላሊበላንና ባሕር ዳርን የሚያካትት ጉዞ ማሰቡ ተሰማ። «ሠለስቱ ምዕት» የተባለ የማኅበራት ጥምረት መንግሥት ጉዞውን እንዲከለክል ጠየቀ፤ ጉዳዩም ዓለም አቀፍ ዜና ሆነ። እኔ ያኔ የላሊበላ የሰባተኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ። ከተማው ስለዚያ ብቻ ነበር የሚያወራው። ሰዎች ስለ ቅዱስ ቦታቸው መቆርቆራቸውን እረዳለሁ፤ የእኔም ቦታ ነው። ግን በዚያ ሁሉ ወሬ መሐል የሚወራው «ሊመጡብን ነው» እየተባለ ነበር። በዚያው ሰሞን እማማ ልጃቸው በላከችው ገንዘብ ለቤተ ክርስቲያን ጥላ ገዝተው እየሰጡ ነበር፤ የጥላው ግማሽ ዋጋ ደግሞ የመቄቷ ልጅ ላብ ነው። ማንም «ከእኛው መሐል የወጡ አሉ ወይ?» ብሎ የጠየቀ ጋዜጠኛ አልነበረም።

ከዚያም የባሰ መጣ። በ2015 ዓ.ም. ነሐሴ መጀመሪያ የአዲስ አበባ የጸጥታ አካላት ግብረ ሰዶም ይፈጸምባቸዋል ባሏቸው ሆቴሎችና መዝናኛዎች ላይ እርምጃ መውሰድ መጀመራቸውን አስታወቁ፤ ሕዝቡም ጥቆማ እንዲሰጥ ጠየቁ። በዚያው ሰሞን በቲክቶክ የሰዎች ፎቶና ስም እየተለጠፈ «ይሄ ነው፣ ይህቺ ናት» ይባል ጀመር፤ ግደሉ የሚልም ነበር። የእኛ ትውልድ ልጆች ያንን እያጋሩ ሲስቁ አይቻለሁ። የ2012ቱን የጥላቻ ንግግር አዋጅ ተምረናል፤ ብሔርን፣ ሃይማኖትን፣ ዘርን፣ ጾታን፣ አካል ጉዳትን ነው የሚጠቅሰው። እነዚህን ሰዎች በስም አይጠቅስም። ታዲያ አዋጁ ስላልጠቀሳቸው እኛ ጋዜጠኞች ልንሆን የምንማረው ልጆች ማሰብ እናቁም እንዴ? እነሱ እርስ በርሳቸው ሲጠራሩ «ዜጋ» ይባባላሉ። ከሁሉም ቃል መርጠው የያዙት ይሄንን ነው። ስሰማው አፈርኩ።

ስለዚህ ለክፍል ጓደኞቼ የምለው ከባድ አይደለም። አንደኛ፣ ማንም ሰው ስሙና ፎቶው በእናንተ እጅ ወጥቶ እንዳይደበደብ፤ ሐቅ ቢሆንም እንኳ ሰው የሚያስገድል ሐቅ ዜና አይደለም። ሁለተኛ፣ በምታምኑበት መቃወም መብታችሁ ነው፤ ስትቃወሙ ግን ስለምታውቁት ሰው ጻፉ እንጂ ስለ ጭራቅ አትጻፉ። ሦስተኛ፣ ሰውን ከተለጠፈበት ስም ሳይሆን ከሚሠራው ጀምራችሁ ዘግቡ። መምህራችን «ከሠርጉ በኋላ ያለውን ንገሩኝ» ያለን ለዚህ ይመስለኛል። በእኛ አካባቢ ስንት ተክሊል የተደረገበት፣ ስንት በሬ የታረደበት ትዳር በዓመቱ ሲፈርስ አይተናል። ሠርግ ያልተደገሰለት፣ እልል ያልተባለለት ደግሞ ሲጸና አየሁ። ይህን ማለት ትዳርን መናቅ አይደለም፤ መጽናትን ማክበር ነው።

ይህንን ጽሑፍ ለእትዬ ባነበብኩላት ቀን ዝም ብላ ሰማችኝና «የሽሮውን ነገር ለምን ጻፍሽው? ጨው የምታበዛው እሷ ናት» አለችኝ። የመቄቷ ልጅ ደግሞ ከወዲያ ሆና «ስለ መርዶው አብዝተሻል። ያደረግኩት ነገር የለም፤ ማንም ያደርገዋል» አለች።

ማንም አያደርገውም። የአጎቷ ቃል ትክክል ነበር።

የዚያን እሑድ ማታ የላኩልኝ ፎቶ ኢንተርኔት ሲመለስ ነው የደረሰኝ። እማማ የፈተሏቸውን ሁለቱን ነጠላ እንደ ሐዘንተኛ ጥለቱን ወደ ላይ ዘቅዝቀው ለብሰው፣ በማላውቀው ሀገር በማላውቀው ቤት ወለል ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። ከፊታቸው ሰዎች አሉ፤ ንፍሮ በሰፌድ ቀርቧል። ማን የሟች ልጅ፣ ማን «ጓደኛዋ» እንደሆነች ከፎቶው መለየት አይቻልም።

መልካም የንባብ ጊዜ። ሐሳባችሁን በትምህርት ክፍላችን የሐሳብ መስጫ ሣጥን በኩል ብትጽፉልኝ፣ ስድብም ቢሆን፣ አነባለሁ። ቸር ይግጠመን።